ተሠርቶ ሳይወጣ የሚቀር

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አዳማ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እጄ ላይ የቆየው ሥራ ሲዲ4 መቁጠር ነው፤ ኤችአይቪ የሚያጠቃቸውን የበሽታ መከላከያ ሴሎች መቁጠር ማለት ነው። ከወለንጪቲ፣ ከሞጆና ከወንጂ ክዳኑ ሐምራዊ የሆነ የደም ቱቦ ይመጣል፣ የካርድ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ማሽኑ አንድ ቁጥር ያትማል። ቁጥሩ ከ200 በታች ሲሆን ሐኪሙ ይሰጋል፤ እኔም ውጤቱን ሳስረክብ ልቤ ይከብዳል። ነገር ግን በትክክል ከተናገርን ማሽኑ የሚያውቀው ሴሉን ሳይሆን በሴሉ ገጽ ላይ የቆመን አንድ ፕሮቲን ነው። የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ ሲዲ4 ላይ ይጣበቃል፤ የሌዘሩ ብርሃን ሲያርፍበት ያ ሴል ያበራል፤ ያበራው ይቆጠራል። ያላበራው ሲዲ4 እንደሌለው ተቆጥሮ ይታለፋል።

በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ከእኛ ዘንድ የቆየች አንዲት ተማሪ ስክሪኑ ላይ የተበተኑትን ነጥቦች ስታይ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ያላበራው ፕሮቲኑን ስለማይሠራ ነው ወይስ ሠርቶት ስላልወጣለት?» አለችኝ። ጥያቄው ከየትም የተቀዳ አልነበረም፤ ራሷ ያሰበችው ነው። በሁለት ናሙና መካከል የሚመለስ ስላልሆነ «ጊዜ ስናገኝ እንነጋገርበታለን» አልኳት። እዚህ የምጽፈው ያን ጊዜ ልነግራት የፈለግኩትን ነው፤ ደም እየቆጠሩ ለሚውሉ ባልደረቦቼም፣ የልጃቸውን የደም ምርመራ ውጤት ይዘው ለሚጨነቁ ወላጆችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው፦ በሴል ገጽ ላይ አለመታየትና አለመሠራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችን ከሚሠሯቸው የገጽ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ብቻቸውን መውጣት አይፈቀድላቸውም። ባልደረባ ካላገኙ፣ ተጣጥፈው ቅርጻቸውን ካልያዙ፣ ሴሉ ራሱ የሠራውን መልሶ ያፈርሰዋል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። ያልተሟላ ነገር ከውጭ እንዳይታይ ሴሉ ብዙ ጉልበት የሚያወጣበት ሥራ ነው።

ፕሮቲኑ የሚቆመው ገጹ ላይ ቢሆንም የሚሠራው ግን ከውስጥ፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ ውስጥ ነው። ገና እየተሠራ ያለው የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት መነሻው ላይ ወዴት መግባት እንዳለበት የሚጠቁም ቅደም ተከተል ይይዛል። ጉንተር ብሎበል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይህን በማሳየቱ ነበር። ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ እየገባ ሳለ መጣጠፍ ይጀምራል፤ ሲስቲን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰልፈር ይተሳሰራሉ፤ ከዚያም ስኳር ይለጠፍበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወንጂ ተወልጄ ያደግኩ በመሆኔ ስኳር ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የአገዳው ማሳና በመፍጨት ወራት አየሩን የሚሞላው የፋብሪካው ሽታ ነው። ስኳር የፕሮቲን መመርመሪያ ሆኖ እንደሚያገለግል ባወቅኩበት ቀን የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልወጣልኝም። በሰንሰለቱ ላይ የሚለጠፈው 14 ክፍሎች ያሉት ቅርንጫፍ ነው፦ ሁለት ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚን፣ ዘጠኝ ማኖስና ሦስት ግሉኮስ። ወዲያው ሁለቱ ግሉኮሶች ይቆረጣሉ። አንዱ ሲቀር ካልኔክሲንና ካልሬቲኩሊን የሚባሉ ፕሮቲኖች በዚያች ግሉኮስ ሰንሰለቱን ይዘው እንዲጣጠፍ ያግዙታል። ቀጥሎ የቀረችውም ትቆረጥና ሰንሰለቱ ይለቀቃል። ቅርጹን ይዞ ከሆነ ይሄዳል። ካልያዘ ግን ቅርጽ የሚመረምር ኤንዛይም አንዲት ግሉኮስ መልሶ ይለጥፍበታል፤ ዳግመኛ ይያዛል፣ ዳግመኛ ይሞከራል። ሙከራው ግን መጨረሻ አለው። ጊዜ በገፋ ቁጥር ማኖሶቹም እየተቆረጡ ይሄዳሉ፤ ይህ ከሆነ በኋላ ሰንሰለቱ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለሙ ወጥቶ ፕሮቲያዞም ወደሚባለው ማፍረሻ ይላካል።

ሲዲ4 በዚህ መንገድ ከሚያልፉት መካከል ቀለል ያለው ነው። ነጠላ ሰንሰለት ነው፤ ከሴሉ ውጭ የሚቆሙ አራት ክፍሎች፣ ሽፋኑን የሚያቋርጥ አንድ ክፍልና ወደ ውስጥ የሚገባ አጭር ጭራ አለው። ጭራው ላይ ያሉ ሁለት ሲስቲኖች ኤልሲኬ የሚባል ኤንዛይም ላይ ካሉ ሁለት ሲስቲኖች ጋር በመካከላቸው አንዲት የዚንክ አዮን ይዘው ይያያዛሉ። ሲዲ4 የሚሸከመው የመከላከያ ሴል፣ ቲ ሴሉ፣ መልእክት ወደ ውስጥ ሲያስተላልፍ ይህ ትስስር ያስፈልገዋል።

ኤችአይቪ ደግሞ ይህን መንገድ ጠንቅቆ ያውቃል። ቫይረሱ ወደ ሴሉ የገባው ሲዲ4ን ይዞ ነው፤ ከገባ በኋላ ግን ሲዲ4 ያስቸግረዋል፤ አዲስ የሚሠሩት የቫይረሱ የሽፋን ፕሮቲኖች ከእርሱ ጋር እየተጣበቁ መውጣት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ቪፒዩ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ገና እየተሠራ ያለውን ሲዲ4 ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለሙ ላይ ይዞ ወደ ፕሮቲያዞም ያስልከዋል። ኔፍ የተባለው ሌላው ደግሞ ገጹ ላይ የደረሰውን ወደ ውስጥ ስቦ ላይሶሶም በሚባለው የሴሉ አሲዳማ ማፍረሻ ከረጢት ውስጥ ያስፈርሰዋል። በታማሚ ላይ የምናየው የሲዲ4 ቁጥር መውረድ በዋናነት የሴሎቹ ሞት ነው፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ሆኖም በአንድ በተያዘ ሴል ውስጥ ሴሉ ሳይሞት ፕሮቲኑ የሚጠፋበት መንገድ መኖሩ ለተማሪዬ ጥያቄ የመጀመሪያው ምስክር ነው።

ስለ ሲዲ4 ቁጥር ከተነሳ ወንጂን አንድ ጊዜ ደግሜ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን በፈቃዳቸው እየተከታተለ ያጠና ነበር። ከጥናቶቹ አንዱ ግኝት ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሌለ ጤናማ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከኔዘርላንድስ አቻዎቻቸው ያነሰ ሲዲ4 እንዳላቸው የሚያሳይ ነበር። ገና ለሥራ ያልተሰማሩት ቲ ሴሎቻቸው ያንሱ ነበር፤ የነቁት ደግሞ ይበዙ ነበር። እኔ የምኮራበት ነገር ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ክንዳቸውን ዘርግተው በሰጡት ደም ምክንያት ከሌላ አገር የመጣ መደበኛ መጠን ለእኛ እንዳለ እንደማይሠራ ታወቀ።

ወደ መገጣጠሙ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቲ ሴል ተቀባይ ነው። ቲ ሴል ባዕድን ከራስ የሚለይበት ይህ መሣሪያ ስምንት ሰንሰለቶች አሉት። አልፋና ቤታ ባዕዱን ይለያሉ፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚገባው ጭራቸው በጣም አጭር ስለሆነ ያዩትን ለሴሉ መናገር አይችሉም። መልእክቱን የሚያስተላልፉት ሲዲ3 የሚባሉት ጥንዶች (ጋማ ከኤፕሲሎን፣ ዴልታ ከኤፕሲሎን) እና ሁለቱ ዜታዎች ናቸው። የሚያየው አያስተላልፍም፣ የሚያስተላልፈው አያይም። ስለዚህ ስምንቱም ተሟልተው ካልወጡ የወጣው ነገር ጥቅም የለውም።

ሴሉ ታዲያ ስምንቱ መሟላታቸውን እንዴት ያውቃል? ቆጣሪ የለውም። መልሱ ሰንሰለቶቹ ሽፋኑን በሚያቋርጡበት ቦታ ላይ ነው። የሴል ሽፋን መካከሉ ስብ ነው፤ ስብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አሚኖ አሲድ መቀመጥ አይመቸውም። አልፋ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሁለት አዎንታዊ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ላይሲንና አርጂኒን። ቤታም አንድ ላይሲን አለው። ብቻቸውን ሲሆኑ ይህ ነውር ሆኖ ይታይባቸዋል፤ የሴሉ መርማሪዎች ያውቁባቸውና ያስፈርሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ጥናቶች ባልደረባ ያጣ አልፋ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለሙን ሳይለቅ በፍጥነት እንደሚፈርስ አሳይተዋል። በሌላ በኩል የሲዲ3 ጥንዶችና የዜታ ጥንድ በዚያው ቦታ ላይ አሉታዊ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች አሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሁለት። የአልፋ ላይሲን ከዴልታና ኤፕሲሎን ጋር ይገጥማል፣ የቤታ ላይሲን ከጋማና ኤፕሲሎን ጋር፣ የአልፋ አርጂኒን ከሁለቱ ዜታዎች ጋር። ሦስት አዎንታዊ፣ ስድስት አሉታዊ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሥራ ይህን አገጣጠም በዝርዝር አወጣው፤ በ2019 ደግሞ ሙሉው ተቀባይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቶ ስምንቱ ሰንሰለቶች እንደተባለው ሆነው ተገኙ።

የሚገርመው ነጥብ እዚህ ጋር ነው። ሰንሰለቱን ብቻውን ሲሆን የሚያስፈርሰው ያ ሙልና ባልደረባውን ሲያገኝ የሚያገጣጥመው ሙል አንድ ነው። ተመራማሪዎች ከቲ ሴል ተቀባይ ጋር የማይገናኝ ሌላ የገጽ ፕሮቲን ወስደው ሽፋኑን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አንድ ሙል ያለው አሚኖ አሲድ ሲጨምሩበት ለመፍረስ ተዳረገ፤ ተቃራኒ ሙል ያለው ባልደረባ ሲሰጡት ደግሞ ተረፈ። የመገጣጠሚያውና የመመርመሪያው ምልክት አንድ በመሆኑ ሴሉ ተጨማሪ ቆጣሪ አላስፈለገውም። ስለዚህ ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ባሰብኩ ቁጥር ያረካኛል። ዜታ ብቻ ሲጎድል የሚሆነው ደግሞ ትንሽ ይለያል። የቀሩት ስድስቱ ተገጣጥመው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለሙን ይለቃሉ፤ ግን አብዛኞቹ ገጹ ላይ ሳይደርሱ ላይሶሶም ውስጥ ይፈርሳሉ። መርማሪው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም ማለት ነው።

ቲ ሴሉ የሚያየው ነገር ራሱ እንዲሁ የተገጣጠመ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሰውነታችን ሴሎች በውስጣቸው ከሚፈርሱት ፕሮቲኖች ላይ ቁራጭ ቁራጭ እየወሰዱ ገጻቸው ላይ ያሳያሉ፤ ማሳያው አንደኛ ክፍል ኤምኤችሲ ይባላል። ዚንከርናጌልና ዶኸርቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካንቤራ ላይ ቲ ሴሎች ቫይረስን ከዚህ ማሳያ ነጥለው እንደማያዩ አሳይተው በ1996 ኖቤል ተሸለሙ። በ1987 ደግሞ የማሳያው ቅርጽ በክሪስታል ጥናት ሲወጣ አናቱ ላይ ጎድጓዳ ስፍራ ተገኘ፤ በውስጡም ምንነቱ ያልተለየ ነገር ተቀምጦ ታየ። ያ ነገር ፔፕታይዱ ነበር፤ ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ።

ማሳያው በሦስት ጉልቻ እንደተጣደ ድስት ነው፦ ከባዱ ሰንሰለት፣ ቤታ-2-ማይክሮግሎቡሊን የምትባለው ትንሽ ፕሮቲንና ፔፕታይዱ። ከሦስቱ አንዱ ሲነሳ ይወድቃል። ፔፕታይዱ የተሸከመው ዕቃ ሆኖ ሳለ መደገፊያም መሆኑ ለብዙ ተማሪዎች እንግዳ ነገር ነው። በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለሙ ውስጥ ታፓሲን የሚባል ፕሮቲን ባዶውን ማሳያ ፔፕታይድ ከሚያስገባው በር አጠገብ ይዞ ያቆየዋል፤ ላላ ብሎ የተቀመጠ ፔፕታይድ ወጥቶ ጠበቅ ብሎ የሚቀመጥ እስኪተካ ድረስ አይለቀውም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ሥራ ላይ ፔፕታይድ ማስገባት የማይችሉ የአይጥ ሴሎች በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያድጉ ገጻቸው ላይ ማሳያው እጅግ ጥቂት ነበር። ሙቀቱን ዝቅ አድርገው ሲያሳድጓቸው ግን ባዶ ማሳያዎች ወጥተው ቆሙ፤ ተመልሰው 37 ዲግሪ ላይ ሲሆኑ ወደቁ። ላቦራቶሪዎች ለዚህ ሙከራ ዛሬም በብዛት የሚጠቀሙት 26 ዲግሪ ነው፤ ከአዳማ የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የሚቀዘቅዝ ሙቀት። ስለዚህ ፕሮቲኑ ሁልጊዜም ይሠራ ነበር። የጎደለው በሰውነት ሙቀት የሚያቆመው ነገር ነው።

ባዶው ማሳያ መውደቁ ደግሞ ለእኛ ጥቅም ነው። ባዶ ሆኖ ገጹ ላይ ቢቆይ ከውጭ የሚንሳፈፍ የቫይረስ ቁራጭ ሊያነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጤነኛው ሴል የታመመ መስሎ በቲ ሴሎች ይገደላል።

መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ወጥቶ መቆየት ሌላ። ሲቲኤልኤ-4 የሚባለውን ፕሮቲን እንውሰድ። ቲ ሴሎች ከልክ እንዳያልፉ የሚገታ ነው፤ ጄምስ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ከታሱኩ ሆንጆ ጋር ኖቤል የተሸለመው ይህንን ገቺ በካንሰር ሕክምና ላይ በማንሳት ነው። ሲቲኤልኤ-4 አብዛኛው የሚገኘው በሴሉ ውስጥ ነው፤ ወደ ገጹ ይወጣል፣ ወዲያው ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። በተመለሰ ቁጥር ወደ ላይሶሶም ሄዶ የመፍረስ አደጋ አለበት። ኤልአርቢኤ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ጭራውን ይዞ ከዚያ ያተርፈዋል። ኤልአርቢኤ የሌላቸው ልጆች ሲቲኤልኤ-4ን በደንብ ይሠራሉ፤ ግን አይበረክትላቸውም። የገዛ የመከላከያ ሴሎቻቸው አንጀታቸውን፣ ሳንባቸውንና ደማቸውን ያጠቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ይህን ሲያሳይ የእነዚህ ልጆች ሴሎች ላይ ክሎሮኪን ጨመረ፤ ሲቲኤልኤ-4ም ከፍ አለ። ክሎሮኪን! አዳማ ውስጥ ያደገ ሰው ምሬቱን ምላሱ ላይ ያውቀዋል፤ ለቫይቫክስ ወባ ሲታዘዝ የኖረው ያው ኪኒን ነው። ክሎሮኪን አሲድነት ያለበት ስፍራ ሲገባ እዚያው ይከማቻል። በወባ ተሕዋሲው ውስጥ ሄሞግሎቢን በሚፈጭበት አሲዳማ ከረጢት ተከማችቶ ከሄሞግሎቢኑ የሚቀረው መርዝ እንዳይከሽፍ ያደርጋል፤ በእኛ ሴል ላይሶሶም ውስጥ ሲከማች ደግሞ አሲዱን ያዳክምና የማፍረሱን ሥራ ያዘገየዋል። በልጆቹ ሕክምና ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ግን አባታሴፕት ነው፤ የሲቲኤልኤ-4 የውጭ ክፍል ከአንቲቦዲ ጭራ ጋር ተያይዞ የተሠራ መድኃኒት። ሴሉ ማቆየት ያቃተውን በመርፌ ከውጭ መስጠት ማለት ነው።

አሁን ለተማሪዬ ከሁሉ በላይ ልነግራት ወደምፈልገው ልምጣ። የአራስ ልጅ እትብት ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። አንዳንድ ሕፃናት ላይ ግን ወር አልፎትም አይወድቅም፤ ዙሪያው ይቀላል፣ ይቆስላል፣ መግል ግን አይዝም። የደም ምርመራ ሲሠራ ነጭ የደም ሴል እጅግ ብዙ ሆኖ ይገኛል። ደሙ ውስጥ ይህን ያህል ነጭ ሴል እያለ ቁስሉ ላይ መግል መጥፋቱ ሊያስደነግጠን ይገባል። ሴሎቹ ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ወደ ቁስሉ መውጣት አልቻሉም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች የእንዲህ ያሉ ልጆችን ሴሎች ሲያዩ ሦስት የገጽ ፕሮቲኖች በአንድ ጊዜ ጠፍተው አገኙ። ሦስት ጂን በአንድ ልጅ ላይ እንዴት በአንዴ ይበላሻል? የተበላሸው አንድ ነበር። ሲዲ11ኤ፣ ሲዲ11ቢና ሲዲ11ሲ የሚባሉት አልፋ ሰንሰለቶች ሁሉም የሚወጡት ሲዲ18 ከሚባለው አንድ ቤታ ሰንሰለት ጋር ተጣምረው ነው። ሲዲ18 ሲጎድል አልፋዎቹ ይሠራሉ፤ ግን ሳይጣመሩ ስለሚቀሩ ውስጥ ይፈርሳሉ። ጂኑ ክሮሞሶም 21 ላይ ነው፤ ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ቅጂ ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ነው። ተማሪዬ የጠየቀችው ጥያቄ ቃል በቃል እነዚህ ልጆች ላይ አለ፦ ሲዲ11 አያበራም፤ ቢሆንም ይሠራል።

ምርመራው ረቂቅ አይደለም። ጥቂት ደም፣ ለሲዲ18 የተዘጋጀ አንቲቦዲና ከሲዲ4 ቆጣሪው ሰፋ ያለ ሥራ የሚሠራ ፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን በሌዘር አብርቶ የሚለይ ማሽን) ይበቃል። ደሙ በበረዶ ሳጥን መምጣት የለበትም፤ ክትባት ስለለመድን ሁሉን ነገር ማቀዝቀዝ ይቀናናል፣ እነዚህ ሴሎች ግን የክፍል ሙቀት ነው የሚፈልጉት። በጠራራ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥም መቆየት የለበትም። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ብቻ መጻፉ አያረካኝም፤ መጠኑ መጻፍ አለበት። ገጹ ላይ ያለው ሲዲ18 ከጤነኛው ሰው ከሁለት በመቶ በታች ከሆነ በሽታው ከባዱ ዓይነት ነው፤ ያለ መቅኒ ንቅለ ተከላ ብዙዎቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን አይሻገሩም። ከ2 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ግን የተበላሸው ሰንሰለት ከአልፋዎቹ ጋር በመጠኑ መጣመር ችሏል፤ ጥቂቶቹ አምልጠው ገጹ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። እነዚህኞቹ ልጆች የድድና የቆዳ ቁስል ቢመላለስባቸውም በጥርስ እንክብካቤና ቶሎ በሚጀመር አንቲባዮቲክ አድገው ለአቅመ አዳም የሚደርሱ አሉ።